የቀኝ ጉንጭ

ክሬም ማምረቻው ውስጥ ሰውዬውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ተኝቶ ቀርቷል፤ ከበር ጥበቃው ጀምሮ እስከ ማምረቻው ባለቤት ድረስ «አርባ» ይሉታል። የስሙ አመጣጥ ምስጢር የለውም። ዘይቱና ውሃው በየድስታቸው ሰባ አምስት ዲግሪ ከደረሱ በኋላ ይገናኛሉ፣ ይመታሉ፣ ነጭ ክሬም ይሆናሉ፣ ከዚያ እንዲቀዘቅዙ ይተዋሉ። ሽቶውም ሆነ ሌላው ሙቀት የማይወድ ነገር ሁሉ የሚጨመረው ቴርሞሜትሩ ከአርባ ሲወርድ ነው። ሌላ ቀላቃይ ቢሆን ሃምሳም ላይ «ይሁን እስቲ» ብሎ ይደፋዋል። እሱ ግን ሞቶ ይገኛል እንጂ አያደርጋትም። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ፣ «ከአርባ በታች» እያለ ይጠብቃል። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲሁ ሲጠብቅ ኖሯል።

የማቀላቀያ ክፍሉ ወለሉም ግድግዳውም ነጭ ሸክላ ነው። ሁለት ድስት፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ የብልቃጥ ማጠቢያ ገንዳ፣ መደርደሪያ ሙሉ ጠርሙስ አለው። በሩ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ ቁልፉም በክር ታስሮ አርባ አንገት ላይ ይውላል። ሚስቱ አንዳንዴ «ከእኔ ይልቅ እሱን ነው ያገባኸው» ትለዋለች።

ጠቡን ያመጣው ፔፕታይድ ነው።

የማምረቻው ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» የሚሏቸው ሴት፣ ለመጨማደድ የሚሆን አዲስ ክሬም ለማውጣት አስበው ቆዳን ያድሳል የሚባል ፔፕታይድ አንድ ጠርሙስ ከአስመጪ ገዝተው አመጡ። ጠርሙሷ የውሃ መጠጫ ብርጭቆ ታክላለች፤ ዋጋዋ ግን አይነሳ። አርባ ከጠርሙሱ ጋር የመጣውን ወረቀት መዝገበ ቃላት ይዞ ሦስት ሳምንት አነበበው። ካነበበ በኋላ በሰለጠነ ሰው ረጋ ያለ ድምፅ፣ «ከመቶ አምስት እጅ ካልገባበት አይሠራም» አለ።

የእትዬ ታናሽ ወንድም ይህን ሲሰማ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። እሱ ክሬሙን ለየሱቁ የሚያዞረው ሻጩ ነው፤ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ፣ አንደበቱ ቅቤ የሆነ ሰው።

«ከመቶ አምስት? ሰውዬ፣ በየድስቱ አንዲት ጠብታ ጣል አድርግባት። ወረቀቱ ላይ ‹ፔፕታይድ ያለበት› ተብሎ ይጻፋል። ውሸት አይደለም፤ አለበት።»

«ሐይቅ ውስጥ ብትተፋ ሐይቁ ‹ምራቅ ያለበት› ይባላል?» አለ አርባ።

«ገዢው ሐይቁን አይለካም።»

«ጉንጩ ይለካዋል።»

እትዬ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁለቱን በየተራ ያዩ ነበር። ለአንድ ቃል ሁለት ጊዜ የሚያስቡ ሴት ናቸው። በመጨረሻ፣ «ከመቶ አምስት መሥራቱን በምን አውቃለሁ?» ብለው አርባን ጠየቁት።

«በግማሽ ፊት» አላቸው። «ሁለት ድስት እሠራለሁ፤ አንዱ ፔፕታይድ ያለው፣ አንዱ የሌለው። ስድስት ሴቶች በግራ ጉንጫቸው አንዱን፣ በቀኝ ጉንጫቸው ሌላውን ይቀቡ። አሥራ ሁለት ሳምንት። የሚሠራ ከሆነ በዓይን ይታያል።»

«ካልታየስ?» አለ ሻጩ፤ ፈገግታው ከከንፈሩ ጠርዝ ሳይጠፋ።

አርባ ሰው ሲነካው ክፉ አመል አለበት፤ ከሚያስበው በላይ ይናገራል። ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ካልታየ ይህን ለእትዬ አስረክቤ ማሸጊያ ክፍል እገባለሁ። ክዳን ሳጠብቅ እኖራለሁ። አንተም ጠብታ የሚያንጠባጥብልህን ሰው ታስገባለህ።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እሱ ራሱም ደነገጠ። ግን ወጥቷል። እትዬ ቁልፉን ወደ እሱ መልሰው ገፉትና፣ «ይሁን፤ አሥራ ሁለት ሳምንት» አሉ።

ሁለቱን ድስት በአንድ ቀን ሠራቸው። ዘይቱ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ አመታቱ አንድ። አንደኛው ድስት ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ሲደርስ ከጠርሙሷ ከመቶ አምስት እጅ ለክቶ አፈሰሰበት። ሁለተኛው ላይ መጠኑ እንዳይጎድል በጠርሙሷ ምትክ ያንኑ ያህል ንጹሕ ውሃ ጨመረ፤ በደብተሩም ጻፈው። ብልቃጦቹን በየዓይነታቸው ለይቶ ሞልቶ ለእትዬ ሰጠ። እትዬ ቢሯቸውን ዘግተው ለአንደኛው ዓይነት ቀይ ክዳን፣ ለሌላው ነጭ ክዳን አደረጉለት፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ በወረቀት ጽፈው በፖስታ አሸጉና መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉት። ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ አርባም አያውቅም።

ሴቶቹን ከማሸጊያ ክፍል ነው የመለመለው። ከአርባ አምስት ዓመት በላይ የሆኑ አምስት ተገኙ። ከመካከላቸው በዕድሜ የምትበልጠው «ዳኛዋ» ትባላለች፤ ማሸጊያ ጠረጴዛው ላይ የተነሳ ነገር ሁሉ በእሷ ያልቃል። ከጎኗ የምትቀመጠው ሳቂታዋ ናት፤ እሷን ዝም ያሰኘ ነገር እስካሁን አልተፈጠረም።

«ቆዳችን ከሥሩ በገመድ የተያዘ ነው በሉ» ብሎ ጀመረላቸው አርባ። «ገመዱ ኮላጅን ይባላል። ገመዱን የሚሸምኑ ሠራተኞች ቆዳው ውስጥ አሉ። በልጅነት ትጉ ናቸው፤ ዕድሜ ሲገፋ ይለግማሉ።»

«እንደ ጥበቃችን» አለች ሳቂታዋ።

«ገመዱ ሲበጠስ ቁርጥራጩ እዚያው ይወድቃል። ሠራተኞቹ ቁርጥራጩን ሲያገኙ ‹ለካ ገመዱ ተበጥሷል› ብለው ተነስተው አዲስ ይሸምናሉ። ይሄኛው ፔፕታይድ ያንን ቁርጥራጭ እንዲመስል ሰው የሠራው ነገር ነው።»

ዳኛዋ እጇን አነሳች። «ቆይ እስቲ። ገመዱ ሳይበጠስ ተበጠሰ ብሎ ነው የሚቀሰቅሳቸው?»

«እንደዚያ በዪው።»

«ዋሾ ነዋ ታዲያ።»

«ለሥራ የሚያስነሳ ውሸት ነው።»

«የእኔን ባል ጣሪያው በእውነት እያፈሰሰ ‹ተነስ› ቢሉት አልተነሳም» አለች ሳቂታዋ፤ «በውሸትማ ጭራሽ።»

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚገባ ጠየቁት። ጫፉ ላይ የስብ ጅራት እንደተቀጠለለት፣ ቆዳ ውሃን ከደጅ ቢመልስ ስብን ግን እንደ ዘመድ እንደሚያስገባ ነገራቸው። ከሚያቃጥል አሲድ ጋር እንዳይቀቡት፣ ፀሐይ ላይ እንዳያስቀምጡት አስጠነቀቃቸው። «ደግሞ ብዙ አትጠብቁ» አለ። «መጨማደድ አይጠፋም። ቢሠራ ረገብ ይላል። ሸማኔ ነው እንጂ ቀለም ቀቢ አይደለም።»

«ለረገብ ነው አሥራ ሁለት ሳምንት?» አለች ዳኛዋ።

«ለረገብ ነው።»

«እሺ፤ ጉንጬ ያንተ ነው። ቀዩ ለግራ፣ ነጩ ለቀኝ። ጠዋትና ማታ።»

ስድስተኛ ሰው ግን ጠፋ። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ራት ላይ ይህንኑ ለሚስቱ ሲያወራ፣ አብራቸው የሚኖሩት አማቱ ሾርባቸውን እያማሰሉ ጆሯቸውን ጥለው ኖሯል።

«እኔስ?» አሉ።

«እማማ፣ እርስዎ…»

«ምን? ቆዳ የለኝም? ከእኔ የበለጠ የተጨማደደ ከየት ልታመጣ ነው? ሰባ አንድ ዓመት ያጠራቀምኩት ነው።»

ሚስቱ ሳቋን ለመደበቅ ጠረጴዛውን ማንሳት ጀመረች። አርባ በማግሥቱ ሁለት ብልቃጥ ይዞላቸው መጣ።

በየሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ስድስቱም የማቀላቀያ ክፍሉ መስኮት ሥር ፎቶ ይነሳሉ። ወንበሩ እንዳይነቃነቅ እግሮቹ የሚያርፉበት ወለሉ ላይ በቀለም ተከቧል፤ ግድግዳው ላይ ጭንቅላት የሚደገፍበት ምልክት አለ። ቀጥ ብለው አንድ፣ ወደ ግራ ዞረው አንድ፣ ወደ ቀኝ ዞረው አንድ። አማቱ በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ፎቶው ካለቀ በኋላም ማሸጊያ ክፍል ገብተው ወሬ ሲያወርዱ ይውላሉ። አርባ ፎቶዎቹን እስከ መጨረሻው ላለማየት ለራሱ ቃል ገብቶ ስለነበር ሳያይ ለእትዬ ያስረክባል።

ሻጩ በኮሪደሩ ሲያልፍ አንገቱን ያስገባል። «ግራው አበበ?»

«ወደ ሥራህ» ይለዋል አርባ።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ፣ ከሥራ መልስ፣ አማቱ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ጠብቀው ያዙት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። ቀኙ ምን አጠፋ?»

«የቱ ቀኝ እማማ?»

«የእኔ ቀኝ። ጉንጬ።»

«ምንም አላጠፋም። ምስክር ነው። እሱ እንደነበረ ካልቆየ ግራው መለወጡን በምን እናውቃለን? ደግሞ የቱ መድኃኒት እንደሚያገኝ እኔም አላውቅም።»

«አንተ አታውቅ ይሆናል» አሉ። «እና ምስክር ተብሎ ነው የሚራበው?»

እሱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ገቡና በሩን ዘጉ። አርባ ነገሩን በቀልድ አለፈው። በኋላ ሲያስበው፣ ያን ጊዜ ቆም ብሎ ቢሰማቸው ኖሮ የሚለው ነገር አንጀቱን ይበላው ነበር።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። እትዬ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ በስድስት ረድፍ ደረደሯቸው፤ ማጉያ መነጽር ይዘው በየዓይኑ ጠርዝ ያለውን መስመር ራሳቸው ቆጠሩ። አርባ ከአጠገባቸው ቆሟል፣ ሻጩ ከማዶ።

«ዳኛዋ። ግራ አሥራ አንድ፣ ቀኝ አሥራ አንድ።» ወደ ሌላው ረድፍ ሄዱ። «ይቺም እኩል። ይቺም።» አማቱ ጋ ሲደርሱ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ መስመሩ ብዙ ነው። «እኩል» አሉ በመጨረሻ።

አርባ ወደ ፎቶዎቹ ጎንበስ አለ። «ሁለቱም በኩል ከመጀመሪያው ቀን ይሻላል እትዬ። እዩት።»

«የመጀመሪያው ቀን ደመና ነበር» አለ ሻጩ። እውነቱን ነበር፤ ደመና ነበር።

«ውላችን ግራና ቀኝ ነው» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረበትም። «ሰኞ ጠዋት እንጨርሳለን።»

አርብ ዕለት አርባ የሚሠራው ነገር ስለጠፋው ብልቃጦቹን ሰበሰበ። ማምረቻው ባዶ ብልቃጥ አይጥልም፤ ይታጠባል፣ ይፈላል፣ እንደገና ይሞላል። ስድስት ቀይ ክዳን፣ ስድስት ነጭ ክዳን በሳጥን ይዞ ወደ ገንዳው ሲሄድ ሳጥኑ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ቆመ። አንዱን ቀይ አነሳ፤ እንደ ላባ ቀለለው። አንዱን ነጭ አነሳ፤ ከበደው።

ክዳኖቹን ከፈታቸው። ቀዮቹ ታችኛው መስታወት እስኪታይ በጣት ተፍቀዋል፤ አንዷማ ጠርዙን በጸጉር መርፌ ጠርጋዋለች። ነጮቹ ከግማሽ በላይ ሙሉ ናቸው። እኩል ተሞልተው ነበር፤ እኩል ማለቅ ነበረባቸው።

ሳጥኑን እንዳቀፈ ማሸጊያ ክፍል ገብቶ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረው። አምስቱም ሴቶች ሳጥኑን አይተው እርስ በርስ አለመተያየት ጀመሩ። ሳቂታዋ እንኳን ክዳን ማጥበቅ በአንድ ጊዜ በጣም አስፈላጊ ሥራ ሆነባት።

«ዳኛዋ» አለ አርባ። «ፍረጂ።»

ዳኛዋ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። «ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ነጩን ስቀባው ፊቴን ይይዘኛል፤ እንደ ደረቀ ሙጫ። ቀዩ ለስላሳ ነው። አንድ ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ፣ ሃምሳ ሦስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ጉንጭ፣ ምን በደለኝና ነው የማደርቀው አልኩ። ከቀዩ ቀባሁለት። በቃ።»

«ሌሎቻችሁስ?»

«እኔ አምስተኛው ሳምንት ላይ» አለች ሳቂታዋ ጭንቅላቷን ሳታቀና። ሌሎቹም በየተራ አመኑ። አንዷ ለአንዷ አልነገረችም ነበር፤ እያንዳንዷ ለብቻዋ ነው ያዘነችው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርህ ትከለክለናለህ» አለች ዳኛዋ፣ ነገሩ ግልጽ ነው በሚል አኳኋን።

ቤቱ ሲገባ አማቱ በር ላይ ነበሩ፤ ወሬው ከእሱ ቀድሞ በስልክ ደርሷል። «አውቃለሁ» አሉት ሳይጠየቁ። «እኔ ጠይቄህ ነበር። አንተ ሳቅህ። ልጆቼን ስድስት ሆነው ሳሳድግ ለአንዱ ቆርሼ ሌላውን ጦሙን አሳድሬ አላውቅም፤ በእርጅናዬ በራሴ ፊት ላይ ልጀምረው? ደግሞ ቁልፍህን እንዳስያዝክ ማን ነገረኝ? ብታወራኝ ኖሮ ቀኙ ይችለው ነበር።»

ቁልፉን ለአማቱም ለሴቶቹም አልነገራቸውም፤ ክብሩ አልፈቀደለትም።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ነገሩን ሰሙ። «ሰኞ ብልቃጦቹን ይዘህ ና፤ ሴቶቹም ይምጡ። ፖስታውን በሁሉም ፊት እንከፍተዋለን። ሳያውቁ ሁሉም አንዱን መርጠው ከሆነ፣ የተመረጠውም ፔፕታይድ ያለው ከሆነ፣ ለእኔ ይበቃኛል» አሉ። ሻጩ «ይሄ ማጭበርበር ነው» አለ፤ ግን እንደ ወትሮው አልጮኸም። ሻጭ የሆነ ሰው የስድስት የተፋቀ ብልቃጥ ትርጉም ይገባዋል።

ሰኞ አርባ ከሁሉ ቀድሞ ገባ። ልቡ ቀሎት ነበር፤ ከአርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርሱን ጨርሶ በልቷል። ብልቃጦቹን ሲያሰናዳ እንዲያው ደስ ብሎት፣ ከቀዩ ጠርዝ የቀረችውን ትንሽ ክሬም በግራ እጁ ጀርባ፣ ከነጩም ትንሽ በቀኝ እጁ ጀርባ ላይ ቀባ። አሻቸው። ቀዩ ተንሸራተተ፣ ለሰለሰ። ነጩ ገብቶ ቆዳውን ሳብ አደረገው።

ዳኛዋ ትክክል ነበረች፤ እንደ ደረቀ ሙጫ።

እጆቹን መስኮቱ ጋ ወስዶ አያቸው። ከዚያ ደስታው በቀስታ ፈሶ አለቀ። ፔፕታይድ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እጅ አያለሰልስም። አሥራ ሁለት ሳምንት የሚፈልግ ሸማኔ ቀለም ቀቢ አይሆንም፤ ራሱ ነው የተናገረው። ታዲያ ይህን በአንድ ደቂቃ የሚያለሰልሰው ምንድን ነው?

ወደ መደርደሪያው ሄደ። ጠርሙሷን አውርዶ ጀርባዋን አነበበ። ሦስት ሳምንት ሲያነብ የከረመው የፔፕታይዱን ነገር ነበር፤ ፔፕታይዱ የሟሟበትን ነገር ግን በዓይኑ እያለፈው ኖሯል። ፔፕታይዱ ጠርሙሷ ውስጥ ከኢምንት ያነሰ ነው። ሌላው ጥቂት ውሃ ሲሆን የቀረው ሁሉ ግሊሰሪን ነው። ቆዳን የሚያለሰልስ፣ ርጥበት የሚይዝ፣ የትም የሚገኝ ተራ ግሊሰሪን። የእነሱ የድሮ ክሬም ደግሞ ግሊሰሪን የሚባል ነገር የለበትም።

ደብተሩን ገለጠ። ሁለተኛው ድስት፣ በራሱ ጽሑፍ፦ «በጠርሙሷ ምትክ ንጹሕ ውሃ፣ ከመቶ አምስት»። ውሃ። ውሃና ግሊሰሪን ማድረግ የነበረበት ቦታ ላይ ውሃ ብቻ። ሴቶቹ የመረጡት ፔፕታይዱን ይሁን ግሊሰሪኑን፣ ከዚህ በኋላ እግዜር እንጂ ሌላ አያውቅም። አርባ ዲግሪን ሲጠብቅ አሥራ ሰባት ዓመት ያልተሳሳተ ሰው፣ ቴርሞሜትር የማይነግረውን ነገር ስቶታል።

የዘይት በርሜል ላይ ተቀመጠ። ስብሰባው ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ይህን ከእሱ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሊያውቅ የሚችልም የለም። ሻጩ ግሊሰሪንን ከማር የሚለይ ሰው አይደለም። ዝም ቢል ቁልፉ አንገቱ ላይ ይቀራል፣ ክሬሙም ከመቶ አምስቱን እንደያዘ ይወጣል፤ ደግሞስ ፔፕታይዱ ይሠራ ይሆናል። «ይሆናል» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ የሻጩ ጠብታ ትዝ አለችው። አለበት፤ ውሸት አይደለም።

ተነስቶ እጁን ታጠበ።

ቢሮው ሞልቶ ነበር። አምስቱ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈዋል፣ አማቱ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። እትዬ ብልቃጦቹን በዓይናቸው መርምረው ፖስታውን ቀደዱ። ወረቀቱን አነበቡና ለወንድማቸው አሳለፉት።

«ቀዩ ነው ፔፕታይድ ያለው» አሉ።

ሳቂታዋ አጨበጨበች። አማቱ፣ «እኔ አንደኛ ሳምንት ላይ ነው ያወቅሁት» አሉ ለማንም ሳይሆን። ሻጩ ወረቀቱን አጥፎ መለሰ፤ ሽንፈቱን ዋጥ አድርጎ፣ «እንግዲህ ከመቶ አምስት ከሆነ ከመቶ አምስት ነዋ» አለ።

«ቁልፉ ባለበት ይቆይ» አሉት እትዬ።

«እትዬ፣ ይቆዩኝ» አለ አርባ።

ነገራቸው። በአጭሩ ነው የነገራቸው፤ ጠርሙሷን፣ ግሊሰሪኑን፣ ውሃውን። ደብተሩን ገልጦ የራሱን ጽሑፍ አሳየ። ቀዩን በእትዬ ግራ እጅ ጀርባ፣ ነጩን በቀኝ እጃቸው ጀርባ ላይ ቀባ። እትዬ አሹት፣ ቀኝ እጃቸውን ጨበጥ ፈታ አደረጉ።

«ይይዛል» አሉ።

«ይህን ያደረገው ግሊሰሪን ነው። ፔፕታይዱ ሠርቷል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ አላውቅም። አልሠራም ወይ ቢሉኝም አላውቅም። ስህተቱ የሴቶቹ ብቻ አይደለም፤ የእኔ ይብሳል።» ክሩን ከአንገቱ አውልቆ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ቃል ቃል ነው።»

ቀድሞ የተናገረው ሻጩ ነበር፤ ሳቅ የጠበቁ ሁሉ ተሳሳቱ። ብልቃጦቹን እያየ ሲያሰላስል ቆይቶ፣ «ቆይ። ስድስቱም ሴቶች በጸጉር መርፌ ሳይቀር የፋቁት ግሊሰሪን ነው?» አለ።

«ሊሆን ይችላል።»

«ግሊሰሪን ደግሞ ርካሽ ነው?»

«ከሽቶው ይረክሳል።»

«እትዬ» አለ ወደ እህቱ ዞሮ፤ «እኔ ከዛሬ ጀምሮ ስለ ጠብታ አላወራሽም። የድሮው ክሬም ውስጥ ግሊሰሪን ያድርግበት። እሱን እሸጥልሻለሁ። ወረቀቱም ‹ግሊሰሪን ያለበት› ይበል።»

«እሱስ አለበት» አለች ዳኛዋ፤ ሳቂታዋ ያን ጊዜ ነው ሳቋ ያመለጣት።

እትዬ ቁልፉን አንስተው በእጃቸው መዘኑት። «ፔፕታይዱስ?»

«ሌላ አሥራ ሁለት ሳምንት» አለ አርባ። «ሁለቱም ድስት ግሊሰሪን እኩል ይኖራቸዋል። በእጅ ተነክቶ የሚለይ ነገር አይኖርም። እስኪታወቅ ድረስ ስሙ የትኛውም ብልቃጥ ላይ አይጻፍ።»

«እንደገና ፊታችንን?» አሉ አማቱ።

«እንደገና እማማ። አሁን ግን ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ያውቃሉ።»

አማቱ አሰቡበት። «በአንድ ነገር» አሉ። «ባለፈው ቀይ ክዳን ለግራ ነበር። አሁን ለቀኝ ይሁን። ተራው የእሱ ነው።»

እትዬ ፈገግ ለማለት የከጀሉ መሰሉ። «እንደዚያ ይሁን» አሉና ቁልፉን መሳቢያቸው ውስጥ፣ ፖስታው የነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጡት። «ማሸጊያ ክፍል አትገባም፤ እዚያ ከገባህ እነዚህ ይጨርሱሃል። ግን ቃልህንም ሙሉ በሙሉ አልመልስልህም። አሥራ ሁለት ሳምንት ቁልፉ እዚህ ያድራል። ጠዋት መጥተህ ትጠይቀኛለህ፣ ማታ ታስረክበኛለህ።»

በማግሥቱ ጠዋት አርባ የቢሮውን በር አንኳኳ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያላደረገው ነገር ስለነበር እጁን የት እንደሚያደርግ ቸገረው። እትዬ ሻይ እየጠጡ ነበር።

«ምን ፈለግህ?» አሉ።

«ቁልፉን እትዬ።»

መሳቢያውን ከፍተው ሰጡት። ከኋላው ድምፃቸው ተከተለው፤ «ስድስት ፊት አይበቃም። ለእኔም ሰባተኛ ጥንድ ብልቃጥ ሙላልኝ።»

የማቀላቀያ ክፍሉን ከፈተ። ሁለቱን ድስት ጎን ለጎን አደረገና ለሁለቱም ግሊሰሪን በአንድ መለኪያ ለካ፤ ለክቶም እንደገና ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ አየው፣ ከዚያ ደብተሩ ላይ ጻፈ፣ የጻፈውንም ጮክ ብሎ ለራሱ አነበበ። ማታ የሚመለስ ስለሆነ ቁልፉን አንገቱ ላይ ሳያስር ኪሱ ከተተው። ዘይቱና ውሃው ተገናኙ፣ ተመቱ፣ ነጡ። ቴርሞሜትሩ ስድሳን አለፈ፣ ሃምሳን አለፈ። አርባ አንድ ላይ ሲደርስ ጠርሙሷን አንስቶ ያዛት፤ አልከፈታትም። አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ጠበቀ።